በሁለት ዐቢይ ጾም መካከል የቆየ ተኩስ

ዘመንን በዘመን የሚተካ፣ የደከመውንም እጅ የማይንቅ የአብ የወልድ የመንፈስ ቅዱስ ስም ከሁሉ አስቀድሞ የተመሰገነ ይሁን። ይህን ስም ሳልጠራ ብዕር አንሥቼ አላውቅም፤ ዛሬም በእርሱ እጀምራለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ይህ ነው። እኔ ከሥራ ከተሰናበትሁ ቆይቻለሁ፤ በዘንድሮው ዐቢይ ጾም ግን ሥራዬ ራሱ ተሰናበተ። በእጄ ባሩድ የጎረሰው የመጨረሻው ነፍጥ የእሳት መግቢያ ቀዳዳው ተደፍኖ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ገባ። ነፍጥ ስል ዛሬ ማንኛውንም ጠመንጃ የሚጠሩበትን ማለቴ አይደለም። በአፈሙዙ በኩል ባሩድ የሚፈስስበት፣ በባሩዱ ላይ የእርሳስ አረር በዘንግ ተገፍቶ የሚወርድበት ያ የጥንቱ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለውን የሚያጎርስ ሰው ከእንግዲህ ስለማያስፈልግ፣ ሙያው እንዴት እንደነበረና ያስተማሩኝ ሰው ማን እንደነበሩ ሳልጽፍ መቅረት የማመስገን ዕዳን መካድ ሆኖ ታየኝ።

ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት ጾመ ድጓ ጨርሼ ቅኔ በጀመርሁበት ወራት ነው። ዐይኔን ታምሜ ሐኪም ፍለጋ ኮልፌ ከነበሩት አጎቴ ቤት ዐረፍሁ። ዐይኔ ሲሻለኝ አጎቴ፣ ጽሕፈቴን አይተው፣ በአንድ የመንግሥት የመሣሪያ ጥገና ቤት በዕቃ ቤት ጸሐፊነት አስቀጠሩኝ። ለጊዜው ነው ብዬ ገባሁ፤ ወጥቼ የሄድሁት በሽበት ነው። ስለ ደመወዙ የማወራው የለኝም፤ ቤቴን አኖረ፣ ልጆቼን አስተማረ፣ ይበቃል።

በጥገና ቤቱ ጓሮ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። በዚያች ክፍል ባሻ ወርቁ የሚባሉ አዛውንት የጥንት ነፍጦችን ይጠግኑ ነበር። የባላባት ቤቶች፣ አድባራትና የአርበኛ ልጆች ከአያት የወረሱትን ነፍጥ ለበዓል ወይም ለቀብር መተኮስ ሲፈልጉ፣ አደጋ እንዳይደርስ አጎራሹ ከእኛ ቤት ይላክ ነበር። አንድ ቀን ለመዝገቤ ቀለም ስበጠብጥ ባሻ በመስኮት አዩኝ። ጥላሸቱን በጣቶቼ መካከል አሻሽቼ፣ አሽትቼ፣ ገና ነው ብዬ መልሼ ሳሰጣው ቆመው ተመለከቱ።

«አንተ ደብተራ፣ ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«የዜማ መምህሬ።»

«ዕርጥበት ታውቃለህ ማለት ነው። ዕርጥበት የሚያውቅ ሰው ስፈልግ ነው የኖርሁ።»

በማግሥቱ አለቃውን ለምነው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። በክፍሉ ሌላ አንድ ሰው ነበር፤ ከድር ይባላል፤ የነፍጡን የእንጨት ሰደፍ የሚሠራ፣ የኮልፌ ተወላጅ፣ በዕድሜ እኩያዬ። አፉ ከመሮው ይልቅ ስለታም ነበር። እግዚአብሔር የሰጠኝ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ይኸው ነው።

ባሻ ወርቁ ባሩድን ሲመርጡ መጀመሪያ በዐይን፣ ቀጥሎ በእጅ፣ በመጨረሻ በሳሕን ነበር። ደቃቁ ባሩድ እንደ ጤፍ ነው፤ ሻካራው እንደ ቅንጬ። ደቃቁ ፈጥኖ ስለሚነድ ጉልበቱን በአንድ ጊዜ በብረቱ ላይ ይጥላል፤ ለጠባብ አፈሙዝ፣ ለጠንካራ ብረት ይሆናል። አፈሙዙ ሰፊ፣ ብረቱ ያረጀ ሲሆን ግን ሻካራውን ያነሡ ነበር። «ሽማግሌ ብረትን ይገፉታል እንጂ አያስደነግጡትም» ይሉ ነበር። ከዚያ ቆንጠር አድርገው በመዳፋቸው ላይ ያሹታል። ባሩዱ ጣት ላይ እንደ ከሰል ብናኝ ከቀረ ተሰብሯል ወይም ዕርጥበት ጠጥቷል፤ ያን ያስወግዱታል። በመጨረሻ ጥቂቱን በነጭ ሳሕን ላይ ያነዱታል። ንጹሕ ባሩድ ቦግ ብሎ ይሄዳል፤ በሳሕኑ ላይ የሚተወው ጥላ ብቻ ነው። ዶቃ የመሰለ ጠብታ ትቶ የሄደውን ባሩድ «ይህ ያለቅሳል» ብለው ይመልሱት ነበር።

የዘመናዊ ጥይት ባሩድ ወደዚያች ክፍል ጨርሶ እንዳይገባ አዝዘው ነበር። በመልክ ቢመሳሰልም ጉልበቱ ሌላ ነው፤ ነፍጥን እንደ ሙዝ ልጣጭ ይገሸልጠዋል። እንዲያ የተገሸለጠ አንድ አፈሙዝ በግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ነበር። ማን እንደያዘው፣ እጁም ምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው በጣታቸው ወደ ግድግዳው ብቻ ያመለክታሉ።

አረሩም እንዲሁ ይመረጣል። ሹል አረር አለ፣ ክብ አረር አለ። ሹሉ ከባድ ስለሆነ አብዝቶ ብረቱን ያስጨንቃል፤ ለአሮጌ ነፍጥ የሚስማማው ክቡ ነው። ባሻ አዲስ የተቀረጸ አረር በመስታወት ላይ ያንከባልሉ ነበር። ቀጥ ብሎ የሄደ ደኅና ነው፤ እየተንገዳገደ የሄደ በሆዱ አየር አለበትና ተመልሶ ይቀልጣል። አረሩ ብረቱን በቀጥታ አይነካም፤ የፋብሪካ ማጠንከሪያው ስታርች ታጥቦ በወጣለት፣ ሞራ በተቀባ የአቡጀዲ ቁራጭ ተጠቅልሎ ይወርዳል። በአውራ ጣት ጫን ሲሉት እንቢ ካለ ትልቅ ነው፤ ሳይነኩት ከወረደ ትንሽ ነው። ትክክለኛው ጥቂት ተከራክሮ እሺ የሚለው ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። እጃቸው ነጻ እንዲሆን የአቡጀዲውን ቁራጮች በከንፈራቸው መካከል ይይዛሉ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ከአፋቸው ይከተላል። ስለዚህ የሚናገሩት ሁሉ በጥርስ መካከል ተጣርቶ ነበር የሚወጣው። እኔና ከድር ያንን ንግግር እንደ ሌላ ቋንቋ ተምረን ነበር። ከድር አስመስሎ ሲያወራ የዕቃ ቤቱ ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል።

እንግዲህ የምነግራችሁ ነገር የተፈጠረው በዚህ ልማድና በዐቢይ ጾም መገናኛ ላይ ነው።

በዚያ ዓመት በጾሙ አጋማሽ ባላምባራስ ደስታ የሚባሉ ሰው ዐረፉ። በቤታቸው የኖረ ወግ ነበር፤ የቤቱ አባወራ ሲቀበር የአያታቸው ነፍጥ አንድ ጊዜ ይተኮሳል። ያውም ባዶ አይደለም፤ አረር ጎርሶ ወደ ገደሉ አፋፍ። ያለ አረር የሚተኮስ ነፍጥ ድምፁ ይለዝባል፣ ለሟቹም ክብር አይሆንም ይሉ ነበር። ባሻ ወርቁ፣ ከድርና እኔ ተላክን።

ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባሻ ነፍጡን ሲያጎርሱ ከድር የቅባቱን ብልቃጥ አየ።

«ባሻ፣ ሞራው ዛሬ የት ሄደ?»

«ጾም ነው» አሉ ባሻ፣ ጨርቁን በከንፈራቸው እንደያዙ። «ዛሬ በኑግ ዘይት ነው።»

«ነፍጡም ክርስትና ተነሥቷል እንዴ?»

«ነፍጡ አልተነሣም፤ እኔ ተነሥቻለሁ። ይህ ጨርቅ የሚወጣው ከአፌ ነው።»

«እና በእጅዎ ቢይዙትስ?»

«እጄ ሥራ አለው። እንዳንተ ምላስ ሥራ ፈት አይደለም።»

ሳቅን። ባሩዱ የተመረጠ ሻካራ ነበር፤ አረሩ በመስታወት ላይ ቀጥ ብሎ የሄደ። ሁሉም እንደ ወጉ ተደረገ። ነፍጡን አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገን ከግንቡ ጋር አስደገፍነው።

ቀብሩ ግን ዘገየ። የባላምባራስ ታናሽ ወንድም ከሩቅ አገር በአውቶቡስ ይመጣ ነበርና ሳይደርስ አይቀበርም ተባለ። ፀሐዩ ከግንቡ ላይ ዞሮ ነፍጡ ላይ አረፈ። ሞራ የረጋ ነው፤ ቢሞቅም ከተቀባበት ቶሎ አይነቃነቅም። ኑግ ግን ቀጭን ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ እየቀለለ፣ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ያለው ባሩድ ነው። ይህን ማንኛችንም በዚያ ሰዓት አላሰብነውም።

ወንድሙ ደረሰ፤ ፍትሐቱ ተፈጸመ። ባሻ ነፍጡን አንሥተው ከመዶሻው ሥር፣ ስትመታ ለባሩዱ እሳት የምትሰጠውን ትንሿን የመዳብ ቆብ አስቀመጡ። የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ከአስከሬኑ አጠገብ ቆመዋል። የሚሆነውን ስለሚያውቁ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አስገብተው ሁለቱን ጆሮዎቻቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ባሻ ምላጩን ሳቡ። ቆቧ ጠቅ አለች። ሌላ ምንም የለም።

ሌላ ቆብ አስቀመጡ። ጠቅ። ሦስተኛም ሞከሩ። ከአልቃሾቹ መካከል አንድ ሰው በሹክሹክታ «ነፍጡ እንቢ አለ» ሲል ሰማሁ፤ ቃሉም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አየሁ። ባሻ ሊያስተካክሉ ዘንጉን ሲያነሡ የሟቹ ወንድም ወደ ፊት መጣ።

«ይብቃ» አለ። «ወንድሜን ነፍጥ እየለመንሁ አልቀብርም።»

አስከሬኑ ወደ መቃብር ወረደ። ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ በዐይኔ ያለው ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሰዉ ሁሉ ሲንቀሳቀስ እሳቸው ጆሯቸውን እንደያዙ፣ ያልመጣውን ድምፅ እንደጠበቁ ቆመው ነበር። አንዲት ሴት መጥታ እጃቸውን ቀስ አድርጋ ከጆሯቸው ላይ አወረደችላቸው።

ወደ ጥገና ቤቱ እንደተመለስን ባሻ በዘንጉ ጫፍ ላይ ጠመዝማዛውን ብረት አስረው አረሩን ከነፍጡ ሆድ አወጡት። ቀጥሎ ባሩዱ ወጣ፤ እንደ ተቦካ አፈር ተለውሶ ነበር። በጣታቸው አንሥተው ከአፍንጫዬ ሥር አቀረቡልኝ።

«ምን ይሸታል?»

«ኑግ» አልሁ።

ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያም «ጾሙ የእኔ ነበር። ተሸክሜ ነፍጡ ላይ ጫንሁት» አሉ።

ለቅባቱ ሲሉ አፋቸውን መለወጥ ሲገባቸው፣ ለአፋቸው ሲሉ ቅባቱን ለውጠው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጨርቅ በከንፈራቸው ይዘው አላየኋቸውም። በመቀነታቸው ላይ ክዳን ያላት ትንሽ የነሐስ ቆሬ አንጠልጥለው፣ በሞራ የተቀቡትን ቁራጮች በእርስዋ ያኖሩ ነበር። በጾም ሞራውን በእጃቸው ይነካሉ፣ ሥራው ሲያልቅ እጃቸውን በአመድና በውሃ ይታጠባሉ፣ ጾማቸውን ይጾማሉ። እኛም ድምፃቸውን ያወቅነው ያኔ ነው። ጥርት ያለ፣ ለቅዳሴ የሚሆን ድምፅ ነበራቸው።

«ባሻ፣» አላቸው ከድር፣ «ለካ እስከ ዛሬ ሲሰድቡን ግማሹ ነው የደረሰን።»

«ቀሪውን አሁን ትሰማለህ» አሉት።

ስሕተቱን ሊናገሩ፣ በአርባው ቀንም ዳግመኛ ሊተኩሱ ወደ ሟቹ ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከትያቸው ነበር። ወንድሙ በሩ ላይ መለሳቸው። «አንዴ ያሳፈራችሁን ይበቃል» አላቸው። ወደ ባለቤቲቱ አላስገባቸውም። ዳግመኛ ስንጠይቅ ወይዘሮ አስካለ ወደ ወላጆቻቸው አገር ተመልሰው ነበር፤ አድራሻቸውን የሚነግረን አላገኘንም።

መንግሥት ተለወጠ። የባላምባራስ ነፍጥ ከሌሎች ጋር ተወርሶ፣ እግዚአብሔር ሲያደርገው፣ እኛው ግምጃ ቤት ገባ። ባሻ ገና በሩቁ ሰደፉን ዐውቀው ቆባቸውን አወለቁለት። ብዙም ሳይቆዩ ታመሙ። ሳንሱሲ ሰፈር ካለው ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ ከትራሳቸው ሥር አንድ የእርሳስ አረር አወጡ። የጠመዝማዛው ጥርስ የነከሰው ቀዳዳ በላዩ ነበረ።

«ይህን ያዝ፣ ደብተራ» አሉኝ። «የቤቱ ሰው ከተገኘ ስጥልኝ። ጥፋቱ የሟቹ አይደለም፣ የነፍጡም አይደለም በልልኝ።»

በዚያው ወር ዐረፉ። ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ከእሳቸው በኋላ በብዙ አለቃ ሥር ሠርቻለሁ። አንዱ እነዚህ አሮጌ ብረቶች ይቅለጡ ብለው ነበር። ብለምናቸው፣ ከደጃቸው ብቆም፣ በመጨረሻ ለምን እንደፈቀዱልኝ ሳይነግሩኝ ተዉአቸው። ሌላው ነፍጥ ከዘነዘና የማይለዩ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ዘይትና ሞራ የምገዛበትን ወረቀት ሳያነቡ ይፈርሙልኝ ነበር። ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ወደ ሌላ ግምጃ ቤት ስዛወር ነፍጡም አብሮኝ ተዛወረ። በየክረምቱ መጨረሻ ሆዱን በፈላ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀብቼ አኖርሁት። ጡረታ ስወጣ ለሙዚየም አስረክቤው ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ቤቴ ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ነው።

ዘንድሮ በጾሙ መግቢያ ስልክ ተደወለልኝ። ሰላማዊት የምትባል የሙዚየም ባለሙያ ነበረች።

«አባቴ፣ እርስዎ ያስረከቡትን ነፍጥ ለትርኢት ልናወጣው ነው» አለችኝ። «ቀዳዳው ከመደፈኑ በፊት አንድ ጊዜ ተተኩሶ ድምፁ እንዲቀዳ ፈቃድ አግኝተናል። የሚያጎርሰው ሰው ግን አላገኘንም።»

«አገኘሽ፣ ልጄ» አልኋት።

ዕለቱን ወደ ከድር ሄድሁ። ከድር ዛሬ ሐጂ ከድር ነው፤ ከጥገና ቤቱ ወጥቶ በማዞሪያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ከፍቷል። አቡጀዲ እንደምፈልግና ለምን እንደሆነ ነገርሁት። ሜትሩን አስቀምጦ ተመለከተኝ።

«የባላምባራስ ነፍጥ?»

«ራሱ።»

«ባለቤታቸው ያሉበትን ታውቃለህ?»

«በሕይወት ካሉ እኮ ነው።»

«ባለፈው ሳምንት ቆመው ዋጋ የተከራከሩኝ ሙት ናቸው ወይ? ቤቴል ነው ያሉት፣ ልጃቸው ዘንድ። አላወቅኋቸውም ነበር፤ ስም ስጽፍላቸው ነው የደነገጥሁ። አንተ በጾም ስለማትወጣ እስክትመጣ እየጠበቅሁህ ነው።»

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ወይዘሮ አስካለ ሸብተው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ማን እንደሆንን ስንነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። የባሻን አደራ፣ የጾሙን ነገር፣ የኑጉን ነገር ሳላስቀር አወራኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ኑግ ነው?» አሉ።

«ኑግ ነው፣ እትዬ።»

«ባሌ ሳይሸኝ ሄደ፣ እግዚአብሔር በቤቴ ላይ ተቆጣ እያልሁ ይህን ሁሉ ዘመን ስሟገተው የኖርሁ፣ ኑግ ነው?»

 ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ተነሣሁ። ይስቁ ነበር። ሳቁ እንባ አመጣ፣ እንባውም ቆየ። ከድር ቀስ ብሎ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ሲተኮስ ልምጣ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሳይመጡ አይተኮስም» አልሁ። ይህን ስል ልቤ ፈራ። ዳግመኛ ቢከሽፍ ምን እላቸዋለሁ? ያ ዝምታ በዚህ ዕድሜያቸው ሁለተኛ ቢመጣ፣ የነገርኋቸው ምክንያት ሁሉ የማጽናኛ ተረት ይሆንባቸዋል።

ስለዚህ እንደ ባሻ ልማድ ጀመርሁ። ሞራ ያስፈልገኝ ነበር፤ በጾም ደግሞ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው። በጠዋት ወደ ሙስሊሙ ሥጋ ቤት ገባሁ። ሞራዬን በፌስታል ይዤ ስወጣ የሰፈሬ ሰዎች ከታክሲ ፌርማታው ቆመው ነበር። አንዷ ጎረቤቴ ፌስታሉን አየች፣ እኔን አየች፣ መሬቱን አየች።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ ምሕረቱ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሽተኛ እንደምትጠይቅ።

ማስረዳት ጀመርሁ። ነፍጥ ስል የበለጠ ግራ ገባት። ከድር ይህን ሲሰማ ቀኑን ሙሉ ሳቀብኝ። «ነፍጡ ጾም ገደፈ በላት» አለኝ። የንስሐ አባቴ ግን ሲሰሙ «እጅህ ቢነካው ምንድን ነው፤ ባሻ ወርቁ መልሰውልሃል እኮ» ብለው አሰናበቱኝ።

የተኩስ ልምምድ ከሚደረግበት፣ ከከተማው ወጣ ካለ ሜዳ ተገናኘን። ሰላማዊት ባሩዱን አምጥታ ነበር፤ ትክክለኛውን፣ ጥቁሩን፣ ሻካራውን። በመዳፌ አሸሁት፤ ብናኝ አልተወም። ነጭ ሳሕን ስጠይቅ ከቦርሳዋ አወጣች። «አንብቤ ነው የመጣሁት» አለች፣ ፈገግ ብላ። ባሩዱ ቦግ ብሎ ሄደ፤ አላለቀሰም። ደስ አለኝ። ከባሻ የተማርሁትን ነገር አንዲት ወጣት በሌላ መንገድ ደርሳበት ማየት የብቸኝነቴን ግማሽ ወሰደልኝ።

ክቡን አረርና የሞራ ጨርቄን ሳወጣ ግን ያዘችኝ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ይመልከቱልኝ።»

እንደ ገመድ ቀጭን የሆነ ካሜራ በአፈሙዙ አስገብታ በስልኳ ላይ የነፍጡን ሆድ አሳየችኝ። በሕይወቴ ሙሉ በጣትና በዘንግ ብቻ የዳሰስሁትን ጨለማ በብርሃን አየሁት። ከሥሩ አጠገብ ዝገት የበላው ጉድጓድ ነበር። ቦታው የት እንደሆነ ዐወቅሁ፤ በዚያች ቀን ኑጉና ባሩዱ ተለውሰው የቆዩበት ነው። ያ እድፍ ሳንደርስበት ብረቱን በልቶት ኖሯል።

«አረር ከጎረሰ ብረቱ እንዳይፈነዳ እሰጋለሁ» አለች። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

የቤቱ ወግ አረር ነው። ያለ አረር ድምፁ ይለዝባል። ወደ ወይዘሮ አስካለ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«አረሩ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። «የምመታው ሰው የለኝም። እኔ የምፈልገው ድምፁን ነው።»

ባሩዱን ቀነስሁ። በአረሩ ፋንታ ደረቅ የከድርን አቡጀዲ በጥቂቱ ደፈንሁበት። ሞራውን ክዳኑን ዘግቼ አስቀመጥሁ። ነፍጡ ተጠምዶ እንዳይቆይ፣ ፀሐይም እንዳያርፍበት፣ ሁሉም በየቦታው ከቆመ በኋላ ብቻ አጎረስሁት።

ሰላማዊት ለሁላችንም የጆሮ መከለያ አደለች። ወይዘሮ አስካለ መለሱላት።

«ይጎዳዎታል፣ እማማ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ያን ቀን ጆሮዬን ይዤ ነው የቀረሁት» አሉ። «ዛሬ አልይዝም።»

ተማጽነን ሩቅ አስቀመጥናቸው። ከመመለሴ በፊት የባሻን አረር ከኪሴ አውጥቼ በመዳፋቸው ላይ አኖርሁት። ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱ። በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

ነፍጡ በእንጨት ላይ ታስሮ፣ ምላጩ ከሩቅ በገመድ የሚሳብ ነበር። ገመዱን ያዝሁ። በልቤ «አቡነ ዘበሰማያት» ጀመርሁ፤ እስክጨርሰው ግን አልቆየሁም፤ ሳብሁት።

ተኮሰ።

ነጩ ጢስ ወጥቶ በሜዳው ላይ ተንሳፈፈ። ድምፁ ወደ ኮረብታው ሄዶ ተመለሰ። ዘወር ስል ከድር ዐይኑን እየጠረገ ጢሱን ይረግማል። ወይዘሮ አስካለ እጃቸው ከጭናቸው አልተነሣም፤ አረሩን እንደጨበጡ ናቸው። ቀርቤ ጎንበስ አልሁላቸው።

«ሰሙት፣ እትዬ?»

«ሰማሁት» አሉ። ፈገግም አሉ። «ከጠበቅሁት ያንሳል። ሳልሰማው ብዙ ዘመን በሆዴ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያም የባላቸውን የክርስትና ስም ጠርተው «በሰላም ሂድ» አሉ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያልተነገረ ቃል ነበር።

ነፍጡን ለመጨረሻ ጊዜ በፈላ ውሃ አጠብሁት። አደረቅሁት። ያን ሰው ሁሉ ያየብኝን ሞራ በጣቴ አንሥቼ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ቀባሁት፤ እጄንም በአመድ ታጠብሁ። ቀዳዳውን የደፈነችው ሰላማዊት ናት፤ እኔ አልቻልሁም። አረሩ ከወይዘሮ አስካለ ጋር ቤቴል ነው።

ዕድሜዬን አንድ ነገር እንዲጮኽ በማዘጋጀት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ለዚህ ያበቃኝን እግዚአብሔርን፣ ስሕተታቸውን ሳይሸሽጉ ያስተማሩኝን ባሻ ወርቁን፣ እስከ ሽምግልና ያሳቀኝን ወንድሜን ከድርን አመሰግናለሁ።

ይህን ያነበብህ፣ ያነበብሽም፤ በቤታችሁ ሳይነገር የቀረ ስንብት ካለ ጊዜውን አግኝቶ ይነገር። ደጃችሁን ሰላም ይጠብቀው፤ በማዕዳችሁ በጾሙም በፍስኩም በረከት አይጉደል፤ ሽማግሌዎቻችሁ በክብር ይሸኙ፤ ልጆቻችሁ ከእናንተ በተሻለ ብርሃን ይዩ። አሜን።